ነጻው ግንበኛና ገባሩ ግንበኛ

አንድ ነገር ሲያምር፣ ያማረው በማን ላብ እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው ወይስ ግዴታ? ጥያቄው የፈተና ጥያቄ ይመስላል፤ እኛ ግን ያገኘነው በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን በአንድ ቅዳሜ ቀን፣ በሃንጋሪ ገጠር፣ አዲስ በታደሰ ግድግዳ ሥር ቆመን ነው። ሦስት ነበርን፤ ሦስታችንም ከአገር ቤት ለትምህርት የመጣን። ከሦስታችን አንዱ «እኔ አልገባም» አለና ቁጭ አለ፤ ሁለታችን ገባን። ከዚያ ቀን ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ለእናንተ ለጓደኞቻችን ጽፈን ብናካፍላችሁ ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን፤ የጻፍነውም ሦስታችንም ነን፣ ያልገባውም ጭምር። (ዓመተ ምሕረቱ «በኛ» ካላልን በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቦታው ዴግ ይባላል። ከቡዳፔሽት ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ፌየር በሚባለው አውራጃ የሚገኝ የገጠር መንደር ነው። ከሴኬሽፈሄርቫር ከተማ አውቶቡስ ይዘው ሲሄዱ ግራና ቀኙ ማሳ ብቻ ነው፤ ሜዳው እንደ እጅ መዳፍ ተዘርግቷል። መንደሩ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች አሉት። ከዚያ ዛፉ ይበዛና የመኳንንቱ መናፈሻ ይጀምራል። ስፋቱ ሦስት መቶ ሄክታር ያህል ነው፤ በኛ በድሮው አለካክ ሰባት ጋሻ ተኩል መሆኑ ነው። ልብ በሉ፤ ሰባት ጋሻ ተኩል መሬት ለሽርሽርና ለዓይን! በመካከሉ ሐይቅ አለ፤ በሐይቁም ላይ የሆላንዶችን ቤት አስመስለው የሠሩት ቤት ቆሟል።

ቤተ መንግሥቱ የሚገኘው በዚህ መናፈሻ ውስጥ ነው። ቤተ መንግሥት እንበለው እንጂ ንጉሥ አልነገሠበትም፤ የባላባት ቤት ነው። ፌስቴቲች የሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ነበር፤ ይህን ቤት ያሠራው አንታል ፌስቴቲች ነው፤ ጊዜውም የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ንድፉን የሠራለት ሚሃይ ፖላክ የተባለው አርክቴክት ነበር፤ ይህን ስም ያዙልን፣ ኋላ እንመለስበታለን። አሠራሩ ኒዮክላሲክ የሚሉት ነው፤ ይኸውም የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን መቅደስ አብነት አድርጎ፣ ከፊት ዓምድ ደርድሮ፣ ከላይ ሦስት ማዕዘን ግንባር ጭኖ፣ ሁሉን በልክና በሚዛን የሚያቆም አሠራር ነው። በቅርብ ዓመታት በመንግሥት ወጪ ታድሶ ለጎብኚ ተከፍቷል።

መዋሸት አንፈልግም፤ ደስ አለን። ከደረጃው ወጥተን በመስኮቱ ወደ መናፈሻው ስንመለከት አንዳችን «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» አልን። የመስኮቱ ከፍታ፣ የብርሃኑ አገባብ፣ የክፍሎቹ አቀማመጥ ሰውን ቀጥ ብሎ እንዲራመድ ያደርገዋል። ዶርም ውስጥ ለአራት የምንተኛ ሰዎች እዚያ ስንገባ ድምፃችን ራሱ ተለወጠ፤ ቀስ ብለን ማውራት ጀመርን። ውበት በሰው ላይ ሥልጣን እንዳለው የተማርነው ያኔ ነው። ጥያቄውም የመጣው ከዚያው ደስታ ውስጥ ነው።

በዚያ ቤት ለጎብኚ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ የፍሪሜሰኖች ታሪክ ነው። አንታል ፌስቴቲች የዚህ ማኅበር አባል ነበር። ፍሪሜሰን ማለት ቃሉ ሲፈታ «ነጻ ግንበኛ» ማለት ነው። የማኅበሩ ምልክት የግንበኛ መሣሪያ ነው፤ ስኳድራና ኮምፓስ። ትምህርታቸውም ባጭሩ ሰው ሁሉ ወንድማማች ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ሻካራ ድንጋይ ነውና ራሱን ጠርቦ ለአንድ ትልቅ ሕንጻ መዘጋጀት አለበት የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ሐሳብ እንደ ቀልድ የሚታይ አልነበረም። የፈረንሳይ አብዮት ያስደነገጠው የሐብስቡርግ መንግሥት በ1795 ማኅበሩን በሕግ ከልክሎታል። የሃንጋሪ ፍሪሜሰኖች ሰነድ ከጥፋት ከተረፈባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የዴግ ቤት ነበር። እንግዲህ ባለቤቱ የተከለከለ ሐሳብ በቤቱ የደበቀ ሰው ነው። ፈሪ አልነበረም፤ መሃይምም አልነበረም። ዛሬ ቢኖር ይህን የመሰለ መጽሔት ያነብ ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

አሁን ከደረጃው እንውረድና ወደ ሌላው ግንበኛ እንሂድ። በዚያን ጊዜ የሃንጋሪ ገበሬ ገባር ነው። ማሪያ ቴሬዚያ በ1767 ባወጣችው ደንብ መሠረት ሙሉ የገባር ይዞታ ያለው ሰው በሳምንት አንድ ቀን ከነከብቱ፣ ወይም ሁለት ቀን በእጁ፣ ለጌታው ይሠራል። በዓመት ሲቆጠር 52 ቀን ከነበሬው ወይም 104 ቀን በክንዱ መሆኑ ነው። ከምርቱ ከዘጠኝ አንዱ ለጌታው፤ አስራቱ ለቤተ ክርስቲያን። ይህም ደንብ የወጣው ለገባሩ ታዝኖ ነው፤ ከዚያ በፊት ጌቶቹ ልክ አልነበራቸውም። የግዴታውን ሥራ ሃንጋሪዎች «ሮቦት» ይሉታል። ዛሬ ማሽኑን የምንጠራበት ቃል ከዚሁ ሥር የመጣ ነው፤ ካሬል ቻፔክ የተባለው የቼክ ደራሲ በ1920 በጻፈው ተውኔት ውስጥ ለሰው ሠራሽ ሠራተኞች ያወጣላቸው ስም ከስላቮች «ሮቦታ» የተወሰደ ነው። በኛ አገር ቋንቋ ግን ሮቦት ማለት ሁዳድ ነው። የጌታን ሁዳድ ማረስ፣ ማረም፣ ማጨድ፣ መውቃት። ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልገንም።

ቤቱን ማን ሠራው? ድንጋዩን የጠረበውና ዓምዱን ያቆመው ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ይሆናል። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ልማድ ሸክላውን፣ አሸዋውን፣ ኖራውንና ግንዱን በጋሪ የሚያመላልሰው ገባሩ ነበር፤ የባለሙያውም ደመወዝ የሚወጣው ከዚያው ከዘጠኝ አንድ ከሚሰፈረው እህል ነው። በላይኛው ፎቅ ጌቶች ተሰብስበው በስኳድራና በኮምፓስ ሥዕል ፊት ስለ ሰው ልጅ ወንድማማችነት ሲነጋገሩ፣ ስኳድራውን በእውነት የያዘው ሰው፣ ከእርሱም በታች ኖራውን የተሸከመው ሰው፣ ወደዚያ ክፍል መግባት አይችልም። አንዱ ነጻ ግንበኛ ይባላል፣ ድንጋይ ግን አንሥቶ አያውቅም። ሌላው ድንጋይ ያነሣል፣ ነጻ ግን አይደለም።

ይህን ይዘን ወጣን። ጓደኛችን ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳንድዊቹን ይበላል።

«ምን አለበት ብትገባ?» አልነው።

«እናንተ ግቡ፤ ከለከልኳችሁ?» አለ። «እኔ እንዲህ ያለውን ቤት የማውቀው በደጁ በኩል ነው። አያቴ ለአንዲት ቁራሽ መሬት ስንት ወር ደጅ ጠንቷል፤ አባቴ ሲያወራው እስከ ዛሬ ድምፁ ይለወጣል። ታዲያ እኔ የልጅ ልጁ ትኬት ቆርጬ ልግባና ጣሪያ ላድንቅ?»

«ይሄኮ የኛ አገር ባላባት ቤት አይደለም።»

«ደጅ ደጅ ነው» አለና ዝም አለ።

በመመለሻችን አውቶቡስና በዶርም እስከ እኩለ ሌሊት የተከራከርነውን አሳጥረን እናቅርብላችሁ። ሦስት ሐሳቦች ቀረቡ።

የመጀመሪያው ሐሳብ፦ ውበት ኃጢአት የለበትም። ዓምዱ ቀጥ ያለው በሚዛኑ ነው እንጂ በጌታው ጽድቅ ወይም ግፍ አይደለም፤ ጌታውም ገባሩም ሞተዋል፤ የቀረው ቅርጽ ነው፤ ቅርጹን እንይ። ይህ ሐሳብ ለጊዜው ያሳምናል፤ ግን ቤቱ ራሱ ይመሰክርበታል። ዓምዶቹ የቆሙት ለሚዛን ብቻ አይደለም፤ ከሜዳው ለሚመጣው ሰው «እዚህ ያለው ከአንተ በላይ ነው» እንዲሉት ነው። መናፈሻውም የእንግሊዝ አትክልት የሚሉት ዓይነት ነው። የዚህ አትክልት ጥበብ በሰው እጅ የተተከለው ዛፍ በራሱ የበቀለ፣ የተቆፈረው ሐይቅ በራሱ የተኛ እንዲመስል ማድረግ ነው። በሌላ አነጋገር ድካምን መደበቅ ነው። ስለዚህ ግፉን ረስቼ ቅርጹን ብቻ ላድንቅ የሚል ሰው ከጌታው ፍላጎት አልወጣም፤ ጌታው እንዲያይ የፈለገውን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ሁለተኛው ሐሳብ የጓደኛችን ነው፦ ይፍረስ። ካልፈረሰም በገንዘብ አይታደስ፤ ዝናብና ጊዜ ሥራቸውን ይሥሩ። የግፍ ቤት ሲጠገን ግፉ ይጠገናል። እኛም ደማችን ሞቆ እስቲ እውነት ነው አልን። በነጋታው ግን አንድ ነገር አሰብን። ዴግ መንደር ውስጥ ከዚያ ዘመን የገባር ቤት ስንት ቀርቷል? የገባሩ ቤት ጭቃና ሣር ነው፤ ተመልሶ አፈር ሆኗል። ገባሩ ደብዳቤ አልጻፈም፤ መጻፍ አልተማረም። ፎቶግራፍ የለውም፣ የዘይት ሥዕል የለውም። የጌታው ስም በመዝገብ፣ በመቃብር ድንጋይ፣ በቤተ መጻሕፍት አለ፤ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ጌታው አይጠፋም። ገባሩ በዚህ ምድር ላይ ትቶት የሄደው፣ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ሥራ ቢኖር ይኸው ግድግዳ ነው። እሱን ስናፈርስ የምናጠፋው የማንን ነው? በሕይወቱ ዘመን ጉልበቱን ወሰዱበት፤ በሞቱ ደግሞ እኛ በእርሱ ስም ተቆጥተን ምልክቱን እንወስድበታለን። ይህን ስንነግረው ጓደኛችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ አይፍረስ። ግን የእርሱ ነው ብላችሁ ጻፉበት» አለ።

ሦስተኛው ሐሳብ፦ አሁን እኮ የሁሉ ሆኗል፤ ትኬት የገዛ ይገባል፤ ታዲያ ምን ቀረ? ይህ ሐሳብ ደግ ይመስላል፤ ግን በር መከፈቱ ብቻ አይበቃም። አንድ ቤት ሲታደስ አዳሹ አንድ ዘመን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የትኛው ቀለም ይቀባ? የትኛው ግድግዳ ይነሣ? ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ቤቱ ያበበበት፣ ማለት ጌታው ያበበበት ዘመን ነው። የዴግ ቤት ደግሞ ከጌቶቹ በኋላ ሌላ ዘመን አይቷል። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የመንግሥት ሆኖ፣ እስከ 1996 የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ወላጅ ያላሳደጋቸው ልጆች በእነዚያ ክፍሎች ተኝተዋል፣ በዚያ ደረጃ ሮጠዋል።

አውቶቡስ ስንጠብቅ አጠገባችን የተቀመጡ እናት ነበሩ። ከሦስታችን ሃንጋሪኛ የሚሻለው አንዱ ነውና እርሱ አነጋገራቸው። ቤተ መንግሥቱን ልናይ እንደመጣን ሲነግራቸው ፈገግ አሉ። «ሦስተኛውን መስኮት አያችሁት?» አሉ። «ስድስት ዓመት አልጋዬ እዚያ ነበር። ክረምት ክረምት በጣም ይበርዳል። ጣሪያው ረጅም ነው፤ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል።» እኛ ያንኑ ከፍታ ስናደንቅ ነበር የዋልነው! ስለ ዓምዱም ስለ ጌታውም አንድ ቃል አልተናገሩም። ቤታቸው ነበር፤ ይበርዳል፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቤት ስናስብ መጀመሪያ የሚታየን መስኮቱ ነው።

እንግዲህ የደረስንበት ይህ ነው። የሚያምረውን ማድነቅ ኃጢአት አይደለም፤ ማደስም ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ከሦስት ባለቤቶች ሁለቱን ፍቆ አንዱን ብቻ ማንገሥ ነው። ቤቱ ያሠራው ሰው ነው፤ የሠራውም ነው፤ የበረደውም ነው። የሦስቱን ታሪክ አንድ ላይ የማይናገር እድሳት፣ ግድግዳውን ቢጠግንም እውነቱን አላደሰም። ጎብኚውም ቢሆን ዕዳ አለበት፤ ማንም ባይነግረው እንኳ «ይህን ማን ተሸከመው?» ብሎ ሳይጠይቅ ከደረጃው መውረድ የለበትም።

አሁን ወደ ፖላክ እንመለስ፤ ያዙልን ያልነው ስም። ይኸው ሰው ዴግን ከሠራ ከዓመታት በኋላ በፔሽት የሃንጋሪን ብሔራዊ ሙዚየም ሠራ፤ ከ1837 እስከ 1847 ነው የተገነባው። ዓምድ፣ ሦስት ማዕዘን ግንባር፣ ሰፊ ደረጃ፤ ያው ልማዱ ነው። ሙዚየሙ ባለቀ በዓመቱ፣ ማርች 15 ቀን 1848፣ ሻንዶር ፔቴፊና ጓደኞቹ ከቡና ቤት ተነሥተው የሕክምናና የሕግ ተማሪዎችን አስከትለው ወደ ማተሚያ ቤት ሄዱ። አሥራ ሁለቱን የሕዝብ ጥያቄዎች ያለ ሳንሱር ፈቃድ አሳተሙ። ከሰዓት በኋላ በዝናብ የተሰበሰበው ሕዝብ የቆመው በፖላክ ሙዚየም ፊት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ የገባር ግዴታ ይቅር የሚል ነበር። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በጸደቁት ሕጎች ሮቦትም ከዘጠኝ አንዱም ቀረ። ለአንድ ጌታ ክብር የቆመውን ዓምድ የሠራ እጅ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚጠይቅበትን ደረጃም ሠራ። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በፊቱ የቆመው ሰው ነው። ይህን በዱፕሊኬተር የምትባዛ መጽሔት ለሚያነቡ ተማሪዎች ማስረዳት አያሻም።

ነገሩ በዚያ አላለቀም፤ ተረት አንናገር። ከ1848 በኋላ ገባሩ ነጻ ወጣ፤ ከጌታው የግል መሬት ላይ የሚኖረው አገልጋይ ግን መሬት አላገኘም። ከፌየር ጋር በሚዋሰነው በቶልና አውራጃ፣ ከእነዚሁ የእርሻ ግቢ አገልጋዮች መካከል የተወለደው ጁላ ኢየሽ «የፑስታ ሕዝብ» የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጣ ዓመቱ 1936 ነው። ያኔም ገና የሚጻፍ ችግር ነበር ማለት ነው። ትልልቆቹ ርስቶች የተከፋፈሉት በ1945 ሲሆን ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሰው መሬት ደረሰው፤ አብዛኛው ግን በ1961 ያንኑ መሬት በግድም በውድም ለኅብረት ሥራ ማኅበር አስረክቦ ነበር። አንድ ጊዜ የተነሣ ጥያቄ በአንድ ሕግ አይዘጋም። እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። ከእኛ በፊት በዚያው ግቢ የተማሩት በኛ በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ፤ በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተባለ፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ ይቀጥላል።

ደግሞ አንርሳ፦ ስድስት ኪሎ የተማርን ሁሉ በቤተ መንግሥት ነው የተማርነው። ገነተ ልዑል በኛ በ1954 ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ቤተ መንግሥት ነው። ስንቶቻችን በዚያ ደረጃ ወጥተን ስንወርድ «ይህን ማን ተሸከመው?» ብለናል? ስለ ዴግ ገባር ተቆጥተን ስለ ራሳችን ደረጃ ዝም ካልን፣ ቁጣችን ሽርሽር ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራን ፌስቴቲች ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ግን የተማረ ሰው ነበር፤ እኩልነትን የሚወድ፣ የተከለከለ ወረቀት የሚደብቅ። ያልታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያወራለት ወንድሙ በመስኮቱ ሥር ጋሪ ይዞ እያለፈ መሆኑ። በር ዘግቶ ስለ ሰው ልጅ መናገር ለተማረ ሰው ቀላል ነው። እኛም በር ዘግተን እንናገራለን፤ ያውም ብዙ።

የዚያኑ ሌሊት ክርክራችን ገና ሳያልቅ ሊነጋ ሲል፣ ኮሪደሩ ላይ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማን። ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ ሳንነሣ መጥተው የሚጠርጉት ሴት ናቸው። ሁለት ዓመት! ያን ሁሉ ሌሊት ስለ ገባር ስንጮህ ቆይተን ስማቸውን የምናውቅ አንድም ሰው ከሦስታችን አልነበረም። ያልገባው ጓደኛችን ነው መጀመሪያ ተነሥቶ በሩን የከፈተው። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም፤ የእርሳቸው ነውና። እኛ ግን አሁን እናውቀዋለን፤ ጠዋት ጠዋትም በስማቸው እንጠራቸዋለን።